ንባብ አይቋረጥም

ባዝል፣ ኅዳር 12 ቀን 1855 ዓ.ም.፣ ዘመነ ሉቃስ

ለእናቴ ወንድም፣ ለመምህሬ ለመሪጌታ አስረስ፤ ከጉና ግርጌ፣ አፋፍ ሩፋኤል ይድረስ።

በመካከላችን ባሕርና በረሃ ቢኖርም ጉልበትዎን ስሜ እጀምራለሁ። ጤናዎ እንዴት ነው? ድምፅዎስ? እናቴ እንዴት ናት? ለእኔ፣ ሩፋኤል ይመስገን፣ ከብርዱ በቀር ሁሉም ደግ ነው። የጉና ልጅ ስለ ብርድ ሲያማርር ቢሰሙኝ ይስቁብኝ ነበር።

ትምህርቴን ጨረስሁ! ከአሥራ ዘጠኝ ተማሪዎች ሦስተኛ ሆኜ ወጣሁ። ከጋፋት ያመጡኝ ፈረንጆች ሰባኪ ያድርጉኝ ወይስ አስተማሪ ገና አልቆረጡም፤ እኔ ግን ቆርጫለሁ። ወደ ደብረ ታቦር ተመልሼ ለልጆች ቅኔና ሒሳብ፣ ዜማና የፍጥረት ምርመራ ባንድ ጥላ ሥር አስተምራለሁ። እንቅልፍ የሚነሣኝ ይኸው ሐሳብ ነው።

አሁን የምነግርዎ ግን ለአንቱ ብቻ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ የእንግሊዝ ሰው መጽሐፍ ጻፈ፤ ከተማው ሁሉ በሱ ይጣላል። የእንስሳውና የዕፀዋቱ ወገን ሁሉ ከጥንት ጀምሮ የዛሬውን መልክ ይዞ አልነበረም፣ ጥቂት በጥቂት እየተለወጠ መጣ ይላል። የሚወለደው ብዙ፣ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ብርዱን፣ ረሃቡን፣ አውሬውን የቻለ ይተርፋል፤ የተረፈውም መልኩን ለልጁ ያወርሳል። ይህ እልፍ ጊዜ ሲደጋገም አንዱ ወገን ሌላ ወገን ይሆናል።

ሳነበው ማን ትዝ አለችኝ? እናቴ! ከአጨዳ በፊት ማሳው ውስጥ ገብታ ውርጭ ያልነካውን ዛላ እየመረጠች ትቆርጥ የለም? ከምድጃው በላይ ትሰቅለዋለች። ሌላው ይበላል፣ ያ ይዘራል። አያቴ ይዘሩት የነበረው ገብስ ነጭ ነበር ይባላል። የእናቴ ዛሬ ጥቁር ነው፣ አጭር ነው፣ ውርጭ አይፈራም። ማን ለወጠው? እንግሊዙ የሚለውም ይህንኑ ነው፤ በእናቴ እጅ ፈንታ ብርዱና ረሃቡ ይመርጣሉ ነው የሚለው።

መጽሐፉ ስለ ሰው ብዙ አይናገርም፤ ይፈራል። እኛ ተማሪዎች ግን ሾርባችን እስኪቀዘቅዝ እንከራከርበታለን። ነገሩ እንዲህ ከሆነ፣ ገብሳችንን የሚፈጀው የጉና ጭላዳ ዝንጀሮ እንኳ እጅግ የራቀ ዘመዳችን ሳይሆን አይቀርም። እጁን አስተውለው ያውቃሉ? ቁጭ ብሎ ሣር ሲነቅል እናቴ ስታርም ትመስላለች እኮ!

አንድ ልመና አለኝ። እናቴ ከመረጠችው ጥቁር ገብስ አንድ እፍኝ ዛላ፣ ከነጩም አንድ እፍኝ ይላኩልኝ፤ ለአስተማሪዎቼ ላሳያቸው።

ቡራኬዎ ባሕሩን ተሻግሮ ይድረሰኝ።

ልጅዎ ቀለመወርቅ

*

አፋፍ ሩፋኤል፣ ግንቦት 8 ቀን 1855፣ ዘመነ ሉቃስ

ለቀለመወርቅ።

ሰላምታውን ወደ ኋላ አቆይቼዋለሁ። መጨረሻ ላይ ይደርስሃል፣ ከተረፈኝ።

ወረቀትህን ነጋዴው ካሳሁን ከምጽዋ ደብረ ታቦር ገበያ አድርሶት፣ በዳግም ትንሣኤ እሑድ እዚህ ገባ። የአገርህን ልማድ አልረሳህም፤ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ወረቀት በደጀ ሰላም ሳይነበብ ወደ ቤት አይገባም። ከቅዳሴ በኋላ ተነበበ። አለቃው፣ ካህናቱ፣ ባልቴቱ ሁሉ ተቀምጠው ነበር። እናትህ የፋሲካ ልብሷን ለብሳ ከፊት ተቀምጣለች። "ትምህርቴን ጨረስሁ" ሲባል እልልታው ደብሩን አናወጠው። "ለአንቱ ብቻ ነው" የሚለውም ተነበበ።

ከዚያ ጭላዳው መጣ።

 ፈንታነሽ ወደ እናትህ ዞረች፤ ምላሷን ታውቀዋለህ። "ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ! እሜቴ ጌጤ፣ ዘመዶችሽ አምና ማሳዬን ጨርሰውታል፤ ካሣዬን ዛሬ ክፈይኝ!" አለች። በደጀ ሰላም ሳቅ! ሰው ወገቡን ይዞ ሳቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ እናትህን የመንደሩ ልጆች "የጭላዳ እናት" ይሏታል። ውሃ የምትቀዳው ማንም በማይሄድበት በላይኛው መንገድ ዞራ ነው።

ደብተራ ይርጋ ግን አልሳቀም። እሱ ሲያስብ አይስቅም። ተነሣና "የሟቹን የድብትርና መሬት የሚበላው ይህ ልጅ ነው?" አለ። አባትህ ሲሞት መሬቱ ላንተ የጸናው፣ በማኅሌቱ በአባትህ ቦታ ትቆማለህ ተብሎ ነው። አንተ ፈረንጅ ተከትለህ ስትሄድ እኔ በሁለት ሰው ፈንታ ቆምሁ። ክረምት ከበጋ፣ ለስሜ ዘምሬ ሳበቃ ለስምህ ዘመርሁ። እናትህ ቤቷ ውስጥ የተቀመጠችው በዚህ ነው። ይርጋ አሁን "በሩቅ ላለ ሰው ምትክ ይቆማል፤ ለካደ ሰው ግን ምትክ የለም" አለ። አለቃው ፈረዱ። እስከ መጪው ፋሲካ ይህን ነገር ትቼዋለሁ ብለህ በገዛ እጅህ ጽፈህ ትልካለህ፤ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰው ፊት ይነበባል። አለዚያ መሬቱ ለይርጋ ይሰጣል፣ እናትህም ከቤቷ ትወጣለች።

አሁን ወደ እንግሊዝህ ልምጣ። ጋፋት ከሰል ተሸክመህ የለም? ንጉሡ መድፍ ሲያሠሩ አይተህ የለም? ብረቱ በራሱ ቀለጠ? በራሱ ፈስሶ፣ በራሱ አፍ አውጥቶ መድፍ ሆነ? ይህን የሚል ሰው ብታገኝ ጠበል ትወስደው ነበር። የዝንብ ዓይን ከመድፍ የረቀቀ ነው። መድፉ ሠሪ አለው፤ ዓይኑ የለውም?

እናትህንም ምስክር ጠርተሃታል። አታፍርም! እናትህ እጅ አላት፣ ዓይን አላት፣ ሐሳብ አላት። አንተ እጇን ቆርጠህ ጥለህ ምርጫዋን ብቻ ይዘህ ሄድህ? ሥነ ፍጥረትን ቃል በቃል ያስጠናሁህ ለዚህ ነው?

ገብስ አልላክሁም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ቶሎ ጻፍ።

ሰላምታው አልተረፈኝም።

አስረስ

*

ባዝል፣ ጥቅምት 20 ቀን 1856፣ ዘመነ ዮሐንስ

ለመሪጌታ አስረስ።

ደብዳቤዎ አምስት ወር ተጉዞ ቁጣው ሳይበርድ ደረሰኝ። የእኔም እንደዚያው ይድረስዎ።

መጀመሪያ አንድ ጥያቄ ይመልሱልኝ። ማን አነበበው? በሰም አሽጌ፣ ስምዎን ጽፌበት የላክሁትን ማን ፈታው? "ተነበበ" ይሉኛል። መድፍ በራሱ አይሠራም የሚሉት አጎቴ፣ ወረቀት በራሱ ተነበበ ይሉኛል?

ጋፋትን ካነሡ እኔ የምናገረው እዚያ ስለ ነበርሁ ነው። አንቱ ያዩት ተጨርሶ የተጎተተውን መድፍ ነው፤ ሕዝቡ እልል ያለለትን። እኔ ከሰል ተሸክሜ ያየሁት ከዚያ በፊት የነበረውን ነው። ቅርጹ እርጥብ ሆኖ ሲፈነዳ አይቻለሁ። ብረቱ ግማሽ ድረስ ሞልቶ ሲረጋ፣ ሲቀዘቅዝ ከአፍ እስከ ቂጡ ሲሰነጠቅ አይቻለሁ። ሠሪዎቹ ራሳቸው መድፍ ሠርተው አያውቁም ነበር እኮ። የተሰነጠቀውን ጣሉ፣ ያልተሰነጠቀውን አስመስለው ደገሙ፤ እንደገና ጣሉ፣ እንደገና ደገሙ። የተጣለው ሁሉ ከወንዙ ዳር ተቀብሯል። አንቱ የዝንብን ዓይን አይተው "እንዴት ያለ ጥበብ!" ይላሉ፤ ከሱ በፊት የተቀበረውን ስንት ዕውር ዝንብ አላዩም።

ደግሞስ፣ "አንድም" ብለው ያስተማሩኝ አንቱ አይደሉም? አንዱን ቃል አራት አምስት ጊዜ "አንድም፣ አንድም" እያሉ ሲፈቱ ይነጋ ይመሽ ነበር፤ አንዱ ፍች ሌላውን አላጠፋውም። ለአምላክ ቃል አምስት ትርጓሜ አለ፤ ለአምላክ ሥራ ግን አንድ ብቻ? ማን ከለከለው?

እዚህም አልቀናኝም። የትምህርት ቤቱ አለቃ ጠርቶ "ያን መጽሐፍ ካልተውህ አስተማሪ አድርገን ወደ አገርህ አንሰድህም" አለኝ። እሱም እንደ አንቱ ተቆጥቶ ጠረጴዛ ደበደበ። አልተውም አልሁ። አሁን መጽሐፍ ጠራዥ ቤት ገብቼ ቆዳ እለፋለሁ። ወንዝ ለወንዝ የማይተዋወቁ ሁለት ደብሮች ባንድ ቃል ተስማምተው አባረሩኝ። ይኸውልዎ፣ በእኔ ምክንያት አንድነት ተገኘ!

ትቼዋለሁ ብዬ አልጽፍም። ያላመንሁትን በደጀ ሰላም ላስነብብ? የሐሰት ምስክርነት ኃጢአት ነው ብለው በአርጩሜ ያስተማሩኝ እኮ አንቱ ነዎት። ይርጋ መሬት ቢፈልግ መሬት እፈልጋለሁ ይበል፤ ሃይማኖትን ቀንበር አድርጎ አይረስበት።

ደብዳቤዎን አሥር ጊዜ አነበብሁት። ፈንታነሽ ያለችውን ጽፈዋል፣ ይርጋ ያለውን ጽፈዋል፣ አለቃው ያሉትን ጽፈዋል። እናቴ ያለችው አንድ ቃል እንኳ የለበትም። ምን አለች?

ቀለመወርቅ

*

አፋፍ ሩፋኤል፣ ሚያዝያ 28 ቀን 1856፣ ዘመነ ዮሐንስ

ለቀለመወርቅ።

ፋሲካ አለፈ።

ወረቀትህ በሆሣዕና ሳምንት ደረሰኝ፤ በደጀ ሰላም አልተነበበም። አለቃው ሲጠይቁኝ "አልመጣም፣ መንገዱ ክፉ ነው" አልሁ። ስድሳ ዓመት ጾሜ በሕማማት ዋሸሁ። ይርጋ ካሳሁንን ገበያ ላይ ይዞ "ሰጥተኸዋል ወይስ አልሰጠኸውም?" አለው። ነጋዴ ምን ያውቃል፣ "በእጁ ሰጠሁት" አለ። ካህናቱ በተሰበሰቡበት አቀረቀርሁ። መሬቱ ለይርጋ ተፈረደ። ይህን የምጽፍልህ መልስ ፈልጌ አይደለም፤ ወረቀቱ ሲደርስህ ማሳው ተዘርቶ ይሆናል።

ማክሰኞ ይርጋ በሬውን ጠምዶ ገባ። እናትህ ወደ ላይኛው ማሳዬ ወጣች። ታውቀዋለህ፣ ከጭላዳና ከነፋስ በቀር የሚኖርበት የለም። ጎጆ ቀለስሁላት። ጓዟን ይዛ ስትወጣ ከምድጃው በላይ የተሰቀለውን የገብስ ዛላ አወረደች። ይርጋ "ዘሩ የመሬቱ ነው፣ አስቀምጪው!" ብሎ ጮኸባት። ዞራ አየችው። "መሬቱን ውሰድ፤ ዘሩን እኔ ነኝ የወለድሁት" አለችው። ቃሏን ጻፍሁልህ፣ ይኸው።

የተሰነጠቀውን ቅርጽ አነሣህ። ማን ጣለው? የሚጥል እጅ ነበረ! ያልተሰነጠቀውን ያወቀ ዓይን ነበረ! ያንተ ብርድ ምን ያውቃል? "አንድም" ደግሞ አልህ። አንድም የሚል መምህር ዞሮ ዞሮ ወደ አንድ ሐሳብ ይገባል፤ ሐሳብ የሌለው ብርድ ወዴት ይገባል? ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

ግን ይህን ሁሉ ተወው። አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ፤ እንቅልፍ የነሣኝ እሱ ነው። የበረታው ይተርፋል፣ የደከመው ይጠፋል ብለሃል። ይኸው ይርጋ በረታና ቀረ፤ እናትህ ደከመችና ወጣች። ተመለስሁ ብለህ ለልጆቻችን የምታስተምራቸው ይህን ነው? ይህ ከሆነ፣ እዚያው ቆዳህን ልፋ።

ስለ ጠየቅኸኝ ስለ ሌላው ነገር ቀለሜ አለቀ።

አስረስ

*

ባዝል፣ መስከረም 25 ቀን 1857፣ ዘመነ ማቴዎስ

መሪጌታ፤

እንዴት ሰነበቱ አልልም። እናቴ ጉና ላይ ጎጆ ውስጥ ክረምቱን ስታሳልፍ እኔ የሰው መጽሐፍ እጠርዝ ነበር። ራሴን ጠላሁት። ይርጋን ጠላሁት። አንቱንም፣ ይፍረዱብኝ፣ ጠላሁዎት።

ለጥያቄዎ መልስ አለኝ። ድንጋይ ወደ ታች ይወድቃል ያለ ሰው፣ ሰውን ገደል ስደዱ አላለም። መጽሐፉ የሆነውን ይናገራል እንጂ መሆን የሚገባውን አላዘዘም። ይርጋን ብርድ አልላከውም። ይርጋ ሰው ነው፤ ያስባል፣ ስለሚያስብ ይጠየቃል። ብርድን ማን ይከሳል? ይርጋን ግን እኔ እከሳለሁ፤ ዝም ያሉትንም ካህናት እከሳለሁ። "የደከመው ይውጣ" ብዬ አልጻፍሁም። እሱን ያደረጋችሁት እናንተ ናችሁ፤ ያውም ተሰብስባችሁ፣ ጸሎት አድርጋችሁ።

ከዚህ ጋር ሌላ የወረቀት ቅጠል አሽጌ ልኬያለሁ። እሱ ለሰዉ ሁሉ ነው። ቢያነቡት ሙሉውን ያንብቡት፤ ካላነበቡት ያቃጥሉት። ግማሹን ብቻ እንዳያነቡብኝ። ይህን የምለው የመጀመሪያውን ያነበበው ማን እንደ ሆነ እስካሁን ስላልነገሩኝ ነው።

ቀለመወርቅ

(ሁለተኛው ቅጠል)

እኔ የአፋፍ ሩፋኤል ልጅ ቀለመወርቅ፣ ለአለቃው፣ ለካህናቱና ለሕዝቡ እንዲህ እላለሁ። ሰማይና ምድርን የፈጠረ አምላክ እንዳለ አምናለሁ። አልካድሁም። እንዴት አድርጎ እንደ ፈጠረ ግን እናንተም ቆማችሁ አላያችሁም፣ እኔም አላየሁም። በአንድ ቃል ባንድ ቀን ሊሆን ይችላል፤ እናቴ ገብሷን እንደ ለወጠችው በብዙ ዘመን ምርጫ ሊሆን ይችላል። እኔ ሁለተኛውን አምናለሁ፤ ካመንሁትም ሌላ ብጽፍ በዚህ ደጅ ሐሰት ተናገርሁ ማለት ነው። በጭላዳው ቃል እናቴን አስሰድቤ እንደ ሆነ ይቅርታ የምለምነው እናቴን ነው። የሳቀባትን አልለምንም። አሁን እኔ ልጠይቃችሁ፤ በልጅ ቃል እናትን ከቤቷ ማስወጣት በየትኛው መጽሐፍ ተጻፈ?

*

አፋፍ ሩፋኤል፣ የካቲት 17 ቀን 1857፣ ዘመነ ማቴዎስ

ልጄ ቀለመወርቅ፤

ሁለት ዓመት ያስቀረሁብህን ሰላምታ ባንድ ጊዜ ተቀበል። እኔ ደኅና ነኝ፤ ጉልበቴን ብቻ ያመኛል። እናትህ ከኔ ትበረታለች። ሩፋኤል በሄድህበት ይከተልህ።

ያነበብሁት እኔ ነኝ።

ካሳሁን ወረቀቱን ሲሰጠኝ ሰሙን በጥፍሬ ፈታሁት፤ ዓይኔን ግን አላሳረፍሁበትም። ተማሪዬ ከባሕር ማዶ ጻፈልኝ! ቤቴ ገብቼ ቀድሜ ማየት ነበረብኝ። ኩራቴ አላስቻለኝም። ካህናቱ ይስሙ፣ ይርጋ ይስማ፣ ያስተማርሁት ልጅ ምን ደረጃ እንደ ደረሰ ይስሙ ብዬ ቆሜ ጀመርሁት። "ለአንቱ ብቻ" የሚለው ላይ ስደርስ ልቤ ደነገጠ። እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። ግን አርባ ዓመት ተማሪ የገረፍሁት ንባብ ቆረጥህ ብዬ ነው። የጀመሩት ንባብ እስኪያልቅ አይቋረጥም፤ እንዲህ ተማርሁ፣ እንዲህ አስተማርሁ። ልቤ ቁም አለኝ፣ አፌ ቀጠለ። የአምላክን ቃልና የልጅ ወሬን መለየት አቃተኝ። የጭላዳውን ሐረግ እኮ በዜማ ነው ያወረድሁት!

እናትህን ከቤቷ ያወጣት ብርድም አይደለም፣ እንግሊዝህም አይደለም፣ ይርጋም ብቻውን አይደለም። የኔ ድምፅ ነው። ይህን በቁጣ ሸፍኜብህ ኖርሁ።

ሁለተኛው ቅጠልህ በጥር ደረሰ። አሁን ቀድሜ፣ ብቻዬን፣ ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ሦስቱንም ጊዜ ተናደድሁ። ለአስተርእዮ ማርያም ሰዉ በሞላበት ቆምሁ። መጀመሪያ "የፊተኛውን ወረቀት ያነበብሁ እኔ ነኝ፤ ለብቻዬ የተላከልኝን ለእናንተ ገለጥሁ፤ ጥፋቱ የኔ ነው" አልሁ። ከዚያ ያንተን ጀመርሁ። "እኔ ሁለተኛውን አምናለሁ" የሚለው ላይ ይርጋ ብድግ ብሎ "በቃ! ይህ አይነበብም!" አለ። እኔም የተማሪ ቤት ድምፄን አወጣሁ። "ይርጋ! ንባብ አይቋረጥም!" ያስተማርሁት እኔ ነኝ እኮ፤ በዚያ ቃል ስንት ጊዜ ገርፌዋለሁ። ሳያስበው ተቀመጠ። ሙሉውን አነበብሁት። "በየትኛው መጽሐፍ ተጻፈ" ብዬ ስጨርስ፣ ፈንታነሽ እንኳ ዝም አለች፤ ይህን ታምር ልትለው ትችላለህ።

ያን ዕለት ሰዉ እንዲህ ዝም ያለው ያለ ነገር አይደለም። በጥቅምት የሆነውን ልንገርህ፤ ነገር ግን እንዳትስቅ፣ አስጠነቅቅሃለሁ። ይርጋ የእናትህን ዘር ቢያጣ ከእብናት ገበያ ነጭ ገብስ ገዝቶ ዘርቶ ነበር። ፍሬው እንደ ባቄላ የወፈረ፣ ለዓይን የሚያምር። ገና እሸት ሳለ ሦስት ቀን ውርጭ ወረደ። ማሳው እሳት እንደ በላው ሆኖ ነጣ። የሌላውም ሰው ብዙው ተጎዳ። የእናትህ ጥቁር ገብስ እላይ፣ ከሁሉ በከፋው ቦታ፣ አንገቱን እንኳ አልደፋም።

ለዘር መጀመሪያ የመጣችው ማን መሰለችህ? ፈንታነሽ፣ ቁና ይዛ! እናትህ ሰፍራላት "ዘመዶቼ በልተው የተረፋቸው ነው፣ ውሰጂ" አለቻት። ፈንታነሽ ሳቀችና አለቀሰች። ቀጥላ የይርጋ ሚስት ትርንጎ ደጅ ቆመች፤ እሱ አፍሮ ነው የላካት። ለእሷም ሰፈረችላት፣ ያውም ካልመረጠችው አይደለም፣ ከተሰቀለው ዛላ ፈልፍላ። እኔ ደሜ ፈላ። "ለይርጋ?" አልኋት። "ልጆቹ ምን አደረጉ?" አለችኝ። ከመጽሐፍህም ከኔም ይህን አልሰማሁትም።

አለቃው አሁን እንዲህ ብለዋል። ምትክ አንቀበልም፤ ልጁ ራሱ መጥቶ በመጪው ጥምቀት በአባቱ ቦታ ከቆመ፣ በደጀ ሰላምም በገዛ አፉ መልስ ከሰጠ፣ መሬቱም ቤቱም ይመለሳል። ካልመጣ ለይርጋ ይጸናል። ና አልልህም፤ ያን ለማለት አፌ የለኝም። እናትህንም "ምን ልጻፍለት?" ብላት "ለመዋሸት ከሆነ አይምጣ" አለች።

የለመንኸውን ዛላ ይኸው ልኬያለሁ። ጥቁሩ የእናትህ ነው። ነጩ ከይርጋ ማሳ የለቀምሁት ነው፤ ፈልፍለህ እየው፣ ገለባ ነው። ለአስተማሪዎችህ አሳይ። ግን ተረታሁ ብለህ እንዳትነግራቸው፤ አልተረታሁም። ውርጩን ማን ላከው? ለውርጩ የሚሆነውን ዛላ እንድታይ ዓይኗን ማን ሰጣት? ይህን ሳትመልስልኝ ብትሞት አልቀብርህም።

አጎትህ አስረስ

*

ምጽዋ፣ ኅዳር 3 ቀን 1858፣ ዘመነ ማርቆስ

ለአጎቴ ለመሪጌታ አስረስ፤

ጉልበትዎን ያምዎታል ካሉ አሁን አልስመውም፤ ስደርስ እስመዋለሁ። መርከቡ ትናንት ገባ። ይህን ወረቀት ካሳሁን ይዞት ቀድሞኝ ይደርሳል፤ እኔ ከበቅሎ ጫኞቹ ጋር ከኋላ ነኝ።

ዛላውን ለቀድሞው አስተማሪዬ አሳየሁት። በመነጽር አገላብጦ አይቶ "ይህችን ሴት ማን አስተማራት?" አለኝ። ጥቁሩን አልሰጠሁትም። በጨርቅ ጠቅልዬ ይዤው እመጣለሁ፤ ከማሳችን ጥግ በእጄ እዘራዋለሁ።

ውርጩን ማን እንደ ላከው አላውቅም። እንጣላበታለን፤ ዕድሜ ይስጥዎ እንጂ ጊዜ አለን። ቁጣዬም አልበረደም። ይርጋን ሳየው ምን እንደማደርግ አላውቅም፤ ልጆቹን ግን፣ እናቴ እንዳለችው፣ አልነካም።

በአባቴ ቦታ እቆማለሁ፤ መቋሚያውን ያቆዩልኝ። አልክድም፣ አልዋሽምም። ለአለቃው ይንገሩልኝ፤ ሰዉን ሁሉ፣ ይርጋንም ፈንታነሽንም፣ በደጀ ሰላም ያስቀምጡልኝ። እናቴ ከፊት ትቀመጥ። በገዛ አፌ እናገራለሁ፣ የጭላዳውንም ነገር ጭምር። ሁለት ጊዜ ወረቀቴን እስከ መጨረሻው ሰምታችኋል።

አሁን እኔን ሳታቋርጡ ስሙኝ።

ቀለመወርቅ